ጥያቄና መልስ፦ የቲ ሴል ሽፋን ላይ ያሉ ኤንዛይሞች

ፔዳ፦ ዶክተር፣ ሲዲ45 (የሽፋኑ ኤንዛይም) ፎስፌት አንሺ ከሆነ እንዴት ቲ ሴልን (በሽታ ተከላካዩን ነጭ የደም ሴል) ያስነሳል ይባላል? ማጥፋት አልነበረበትም?

መላሽ፦ የትኛውን ፎስፌት እንደሚያነሳ እይ። ኤልሲኬ (ፎስፌት ለጣፊ ኤንዛይም) 505ኛው ታይሮሲኑ (ከአሚኖ አሲዶቹ አንዱ) ላይ ፎስፌት ሲለጠፍበት በራሱ ላይ ታጥፎ ይቆለፋል፤ ቆላፊው ሲኤስኬ የተባለ ሌላ ፎስፌት ለጣፊ ነው። ሲዲ45 ያንን አንስቶ ይፈታዋል። የተፈታው ኤልሲኬ የሲዲ3 (የቲ ሴል ተቀባዩ አካል) ጭራዎች ላይ ፎስፌት ይለጥፋል፣ ዛፕ-70 (ምልክቱን የሚያስቀጥል ፎስፌት ለጣፊ) እዚያ ይያዛል። በዚህ ቲ ሴሉ ይነሳል።

ሽምብጥ፦ 394ኛው ታይሮሲን ላይ ያለውንም ያነሳል እኮ! እሱ ደግሞ የሚያነቃቃው ነው። ስለዚህ አጥፊም ነው።

ፔዳ፦ ሲዲ45 የሌላቸው ጁርካቶች (ላቦራቶሪ ውስጥ የሚራቡ የቲ ሴል ካንሰር ሴሎች) ታዲያ ሲዲ3 ሲነካ ለምን ዝም ይላሉ?

መላሽ፦ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፤ መጠኑና ቦታው ይለየዋል። ሴልና ሴል በተጣበቁበት ቦታ ሲዲ45 ተገፍቶ ይወጣል። ይብቃ።

ዘንዘልማ፦ ብሎቴ (ፕሮቲን ሜምብሬን ላይ የሚያሳየው ምርመራ) ላይ ፎስፎ-ዛፕ (ፎስፌት የተለጠፈበት ዛፕ-70) አይታይም። ምን ላድርግ?

መላሽ፦ ምን ሴል? ስንት ደቂቃ? በፈሩ (ሴል ማፍረሻው ፈሳሽ) ውስጥ ምን አለ? እንዲህ ተጠይቆ ምን ይመለሳል?

ዘንዘልማ፦ ይቅርታ ዶክተር። ጁርካት፣ በኦኬቲ3 (ሲዲ3ን በሚነካ ፀረ እንግዳ አካል)፣ 10 ደቂቃ። ቫናዴት (የፎስፋቴዝ፣ ማለትም የፎስፌት አንሺ ኤንዛይም፣ መግቻ) አለው፤ ቢጫ ነው። ኢዲቲኤም (የብረት አዮን ያዥ) አለው።

መላሽ፦ ተገኘ። ቢጫው ቫናዴት እርስ በርሱ ተቆላልፏል፤ ፎስፋቴዝ አይገታም። ሴሉን ስታፈርሺው ሲዲ45 ሥራውን አያቆምም፣ የለጠፍሽውን ሁሉ ያራግፈዋል። እንዲህ አዘጋጂው፦ 1.84 ግራም ሶዲየም ኦርቶቫናዴት በ50 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ 200 ሚሊ ሞላር ይወጣዋል። ፒኤቹን (የአሲድነት መለኪያውን) በአሲድ ወደ 10 ስታወርጂው ቢጫ ይሆናል። ቀለሙ እስኪጠፋ አፍይው፣ አቀዝቅዢው፣ ፒኤቹን ለክተሽ ወደ 10 መልሺው። ቢጫው መመለስ እስኪተው ድገሚ። መመሪያው 10 ደቂቃ አፍሉ ይላል፤ ባሕር ዳር ግን 1800 ሜትር ላይ ናት፣ ውሃ 94 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ዳኛው ቀለሙ ነው። ከዚያ በትንሽ በትንሹ ከፍለሽ በረዶ አድርገሽ አስቀምጪው፤ ለ1 ሚሊ ሊትር በፈር 5 ማይክሮሊትር። ኢዲቲኤ ቫናዴቱን ይይዘዋል፣ ዲቲቲ የተባለው ኬሚካልም ያበላሸዋል፤ ሁለቱንም አውጪ። ሴሉን ለመቀስቀስ 10 ደቂቃም ዘግይቷል፤ በ37 ዲግሪ 2 ደቂቃ፣ ከዚያ እንደ በረዶ የቀዘቀዘ በፈር ወዲያው። ሜምብሬኑን በወተት ዱቄት አትሸፍኚ፤ ኬዚን ራሱ ፎስፌት አለበት። 5 በመቶ ቢኤስኤ (የከብት ደም ፕሮቲን) ተጠቀሚ። ቱቦው በረዶ ላይ!

ሰባታሚት፦ ከርዕስ ልውጣና፣ የጣና ዳሩ ቢልሃርዚያ ትል ቆዳው ላይ ኤቲፒ (የሴል ኃይል ተሸካሚ) ሰባሪ ኤንዛይም አለው የሚባለው እውነት ነው?

መላሽ፦ አዎ። ከተጎዳ ሴል የሚፈስ ኤቲፒ የአደጋ ጥሪ ነው፤ ትሉ ይሰብረዋል። የእኛም ሲዲ39 የተባለ የሽፋን ኤንዛይም ኤቲፒን ኤኤምፒ ያደርጋል፣ ሲዲ73 ያንን አዴኖሲን። አዴኖሲን ቲ ሴልን ያበርዳል።

ሽምብጥ፦ ሲዲ73 ወደ ውስጥ የገባ ጭራ የለውም። ምልክት አስተላላፊ አይባልም።

ሰባታሚት፦ ምርቱ ያስተላልፋል እኮ፣ ወንድሜ! ፕራዚኳንቴል (የቢልሃርዚያ መድኃኒት) የሚመታው ይሄንኑ ኤንዛይም ነው?

መላሽ፦ አይደለም፣ የትሉን ካልሲየም ያናጋል። ወደ ርዕሱ።

ቀበሌ 14፦ ቫናዴት ስንት ነው የሚጨመር?

መላሽ፦ ከላይ ተጽፏል። አንብቡ እንጂ! ቢጫ ከሆነ አትጨምር።

ፔዳ፦ ጁርካት ሳይቀሰቀስም ፎስፎ-ኤኬቲ (ፎስፌት ያለበት፣ የነቃ የኤኬቲ ኤንዛይም) ያሳያል። በፈሩ ነው?

መላሽ፦ በፈሩ ምንም አላጠፋም። ጁርካት ፒቴን (ፒፕ3 አጥፊ ኤንዛይም) የለውም፤ ፒፕ3 የተባለው ቅባት ሽፋኑ ላይ እየተከማቸ ኤኬቲን ሁሌም ያበራዋል። ለዚህ ጥያቄ ከደም የተለየ ቲ ሴል ያዝ። ቱቦው በረዶ ላይ።