ለአምስት ሰው ክፍል አልገኝ ላለሽ

ሁለት አዋቂና ሦስት ልጅ ስትይ ሁሉም ሆቴል "ክፍል የለም" የሚልሽ ሞልቶ ላይሆን ይችላል። ብዙ ቦታ አንድ ክፍል ውስጥ ከአራት ሰው በላይ አያስገቡም። ስለዚህ አፓርታማ ፈልጊ፤ ካልሆነም በመሃል በር የሚገናኙ ሁለት ክፍሎች ጠይቂ። "ጎን ለጎን ናቸው" ካሉሽ በሩ መኖሩን በኢሜይል አረጋግጪ።

አንዱን ልጅ ደብቀሽ ለአራት እንዳትይዢ። እንግዳ መቀበያው ላይ ፓስፖርት ሲቆጠር ጉዱ ይወጣል። እንቅልፍ የጣለው ልጅ ታቅፎ በሌሊት መከራከር ደግሞ አይጣል ነው!

ከልምድ የምነግርሽ፦ ቀኑን አስተውዪ። ለማክሰኞ አጥቢያ ከሌሊቱ 7 ሰዓት የምታርፉ ከሆነ የሰኞን ሌሊት ነው መያዝ ያለብሽ። የማክሰኞን ከያዝሽ እስከ ከሰዓት በኋላ ሎቢ ላይ መቀመጥ ሊመጣ ነው። አርፍዳችሁ እንደምትገቡም ቀድመሽ ንገሪያቸው፤ አለዚያ ቀርተዋል ብለው ክፍሉን ለሌላ ሊሰጡት ይችላሉ።