ራጁ ላይ የነበረው ነጭ መስመር

በቀደም አንዲት የሕክምና ተማሪ፣ "ኦስቲዮፕሮቴጀሪን አጥንት ጠባቂ ፕሮቲን ከሆነ፣ ደም ቅዳቸው ካልሲየም ይዞ የደረቀባቸው ሰዎች ደም ውስጥ ለምን በዝቶ ይገኛል?" አለችኝ። መልስ ከመጀመሬ በፊት አንድ የድሮ ራጅ ዓይኔ ላይ ድቅን አለ።

ገና ወጣት ሐኪም ነበርኩ። ወገባቸውን የሚያማቸው አንዲት እናት መጡ። በጎን የተነሳውን ራጅ የማያ መብራቱ ላይ ሰቀልኩት። መብራቱ ብልጭ ድርግም የሚል ነበር፤ በጥፊ ካልመታነው አይረጋም። አንዱ የአከርካሪ አጥንት ተጨፍልቋል። ሌሎቹም ሳስተው እንደ ጥላ ደብዝዘዋል። ከአከርካሪው ፊት ለፊት ግን በጠመኔ የተሰመረ የሚመስል ነጭ መስመር ነበር። ካልሲየም የያዘው ትልቁ ደም ቅዳ ነው። አየሁት። "የእርጅና" ብዬ ጽፌ አለፍኩ። ግፊታቸውን እንኳ አልለካሁም።

እሳቸውም አይተውት ኖሯል። ጣታቸውን መስመሩ ላይ አሳርፈው "ይሄስ ምንድን ነው የኔ ልጅ?" አሉኝ። "ምንም አይደል እማማ" አልኩ። በዓመቱ በልብ ሕመም ማረፋቸውን ሰማሁ። ብለካቸው ይተርፉ ነበር አልልም። ግን ጠይቀውኝ ነበር።

ያኔ ይህ ፕሮቲን ስምም አልወጣለትም። የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። ራንክል የሚባል ሌላ ፕሮቲን አጥንት የሚበሉትን ሴሎች ይቀሰቅሳል፤ ኦስቲዮፕሮቴጀሪን መንገድ ላይ ይይዘዋል። በ1998 ደግሞ ይህን ፕሮቲን መሥራት የማይችሉ አይጦች ተጠኑ። አጥንታቸው ሳስቷል፣ ትልልቅ ደም ቅዳዎቻቸው ካልሲየም ይዘዋል። ሳነበው የእማማ ራጅ መሰለኝ።

ሰው ላይ ሲመጣ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ደም ቅዳው የደረቀበት ሰው ፕሮቲኑ አላነሰውም፤ እንዲያውም በዝቶበታል። እናንተ ቁጥር ከፍ ሲል ጥፋተኛው ተገኘ ትላላችሁ። ኡኡታ ሰምቶ የደረሰን ጎረቤት ሌባ ብሎ መያዝ እንዳይሆን! ብዙዎች ፕሮቲኑ ጉዳቱን ሊከላከል የጨመረ ነው ይላሉ፤ እኔም ወደዚያ አደላለሁ። ነገሩ ግን አልተቋጨም። እንደ ኦስቲዮፕሮቴጀሪን ራንክልን የሚያግደው ዴኖሱማብ የተባለ መድኃኒት አጥንት ያጠነክራል። አጥንታቸው በሳሳ ሴቶች ላይ ለ3 ዓመት ሲታይ ግን የደም ቅዳውን መድረቅ አላዘገየም።

ደግሞ ካልሲየሙ ጀበና ሥር እንደሚቀር አተላ ዝም ብሎ የተጠራቀመ አይደለም። የደም ቅዳው የጡንቻ ሴሎች ራሳቸው የአጥንት ሠሪ ጠባይ ያመጣሉ።

የዛሬ ልጆች ራጁን ሳትከፍቱ ሪፖርቱን ብቻ ታነባላችሁ፤ ያናድደኛል። እኔስ ከፍቼ፣ አይቼ ምን ሠራሁ?

ተማሪዋ ኮምፒውተሩ ላይ የአንድ ታካሚ ወገብ ከፍታ ነበር። አከርካሪውን አጉልታ ስብራት ትፈልጋለች። "እስኪ ወደ ሆዱ ገፋ አድርጊው" አልኳት።