የሙያ ምክር፦ በፋብሪካ ዲዛይን ውስጥ የፓምፕና የኮምፕረሰር መሐንዲስ መሆን

ጥያቄ፦ የሜካኒካል ኢንጂነሪንግ አምስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። በፋብሪካ ዲዛይን ውስጥ የሮቴቲንግ ኢኩፕመንት (የሚሽከረከሩ ማሽኖች) መሐንዲስ መሆን እፈልጋለሁ። ጓደኞቼ ኢምፔለር (ፓምፑ ውስጥ እየዞረ ፈሳሹን የሚገፋውን ክፍል) በኮምፒውተር መንደፍ ካልቻልሽ አትሞክሪው ይሉኛል። እውነት ነው? አሁን ምን ላጥና?

መልስ፦ እህታችን፣ እውነት አይደለም። ኢምፔለር መንደፍ የፓምፕ አምራቹ ሥራ ነው። በዲዛይን ቢሮ ያለው መሐንዲስ ፓምፕ፣ ኮምፕረሰር፣ ፋንና የእንፋሎት ተርባይን ይመርጣል እንጂ አይሠራም። ማሽኑ ምን እንደሚገፋ፣ በስንት ሙቀትና ግፊት እንደሚሠራ፣ የት እንደሚተከል ለአምራቹ ሳያዛንፍ ይነግራል፤ ከዚያም የቀረበው ማሽን ለዚያ ሁኔታ ይበቃ እንደሆነ ይመረምራል። ስለዚህ ያለሽን ጊዜ በመጀመሪያ ለፓምፕ መምጠጫ ጎን ስጪው። ብዙ ብልሽት የሚጀምረው እዚያ ነው።

በቁጥር እንየው። አዲስ አበባ አካባቢ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ላይ ፋብሪካ ይተከላል እንበል። ለአየር ክፍት ከሆነ ታንከር 80 ዲግሪ የሞቀ ውሃ የሚስብ ፓምፕ ያስፈልጋል። የታንከሩ ውሃ ከፓምፑ መሐል 2 ሜትር ከፍ ይላል፤ በመምጠጫ ቧንቧውና በቫልቮቹ 0.8 ሜትር ይባክናል። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊት 76 ኪሎፓስካል ገደማ ነው፤ በዚያ ሙቀት ባለ ውሃ ሲለካ 8 ሜትር ያህል ይሆናል። የውሃው የትነት ግፊት በ80 ዲግሪ 47 ኪሎፓስካል፣ ማለትም 5 ሜትር ገደማ ነው። ከ8 ላይ 5 ቀንሺ፣ 2 ደምሪ፣ 0.8 ቀንሺ፤ ለፓምፑ የሚተርፈው 4.2 ሜትር ነው። በሥራው ቋንቋ ያለው ኤንፒኤስኤች (ውሃው መምጠጫው ላይ እንዳይፈላ የሚጠብቀው የግፊት ትርፍ) የሚባለው ይህ ነው። ያው ታንከርና ያው ቧንቧ ጅቡቲ ወደብ ላይ ቢሆኑ 6.8 ሜትር ይተርፍ ነበር።

ካታሎጉ ፓምፑ 4.5 ሜትር ይፈልጋል ካለ፣ ጅቡቲ ላይ በሰላም ይሠራል። አዲስ አበባ ላይ ግን ውሃው ኢምፔለሩ መግቢያ ላይ ይፈላል፤ አረፋዎቹ ሲፈነዱ ጠጠር የሚፈጭ የሚመስል ድምፅ ይሰማል፣ ብረቱም እየተቦረቦረ ያልቃል። ደግሞም 4.5 የፓምፑ የጤንነት ቁጥር አይደለም፤ የፓምፑ ሄድ (ፓምፑ ለፈሳሹ የሚሰጠው ግፊት በሜትር ሲለካ) 3 በመቶ የወረደበት ነጥብ ነው። ስለዚህ 1 ሜትር ያህል ትርፍ መጠየቅ የተለመደ ነው። መፍትሔው ታንከሩን 1.5 ሜትር ከፍ ማድረግ ወይም በደቂቃ 2,900 ዙር ከሚዞረው ይልቅ ቀስ ብሎ 1,450 የሚዞረውንና አነስተኛ ኤንፒኤስኤች የሚፈልገውን መምረጥ ሊሆን ይችላል። ይህን የሲቪል መሐንዲሱ የታንከሩን መሠረት ሥዕል ከመጨረሱ በፊት መናገር አለብሽ፤ ኮንክሪት ከፈሰሰ በኋላ የሚደረግ ማስተካከያ እጅግ ውድ ነው።

ሞተሩንም አትርሺ። መደበኛ የአይኢሲ (ዓለም አቀፍ የኤሌክትሪክ ስታንዳርድ) ሞተር ላይ የተጻፈው አቅም እስከ 1,000 ሜትር ከፍታና እስከ 40 ዲግሪ የአካባቢ ሙቀት ነው የሚያገለግለው። አየሩ ሲሳሳ ሞተሩን የማቀዝቀዝ ኃይሉ ስለሚቀንስ ከዚያ በላይ አቅሙ ዝቅ ተደርጎ ይታሰባል። የቦታው ከፍታ ዳታ ሺቱ (ለአምራቹ የሚላከው የማሽኑ መግለጫ ቅጽ) ላይ ካልሰፈረ አምራቹ ከየት ያውቃል?

ሁለተኛው ደጋግሞ የሚመጣ ችግር የተደራረበ መጠባበቂያ ነው። የፕሮሰስ መሐንዲሱ ለጥንቃቄ ብሎ ፍሰቱ ላይ 10 በመቶ ይጨምራል፤ አለቃው 10፤ ደንበኛውም 10። ሲባዛ 33 በመቶ ይሆናል። ፓምፑ የሚገዛው በዚህ ቁጥር ስለሆነ በዘወትር ሥራው ከምርጥ ነጥቡ (ፓምፑ በከፍተኛ ብቃት ከሚሠራበት ፍሰት) 75 በመቶ ላይ ይውላል። ፋብሪካው ምርቱን ወደ 60 በመቶ ሲቀንስ ደግሞ 45 በመቶ ላይ ይወርዳል። ኤፒአይ (የአሜሪካ ፔትሮሊየም ኢንስቲትዩት) 610 የተባለው የፓምፕ ስታንዳርድ የሚመርጠው ክልል ከ70 እስከ 120 በመቶ ነው። ከዚያ በታች ውሃው ኢምፔለሩ ውስጥ ተመልሶ ይዞራል፣ ሻፍቱ ይንቀጠቀጣል፣ ሜካኒካል ሲሉ (ፈሳሹ በሻፍቱ ዙሪያ እንዳይወጣ የሚዘጋው ክፍል) እና ኩሽኔታው ያለ ጊዜያቸው ያልቃሉ። ስለዚህ ቁጥር ሲመጣልሽ መጠባበቂያው ተጨምሮበት ይሁን አይሁን፣ የጨመረውም ማን እንደሆነ ጠይቂ። ጥያቄው ድፍረት አይደለም፤ ሥራሽ ነው።

የአምራቾች ዋጋ ሲገባ በመጀመሪያ የምታነቢው አምራቹ አልስማማም ያለባቸውን ነጥቦች ዝርዝር ነው። ቀጥሎ ኢምፔለሩን ተመልከቺ፤ ፓምፑ ከሚችለው ትልቁ ዲያሜትር ከሆነ ወደፊት ሄድ መጨመር አትችይም። ኤፒአይ 610 ኢምፔለር በመቀየር ቢያንስ 5 በመቶ ሄድ መጨመር እንዲቻል ይጠይቃል።

ከቧንቧ ክፍል ጋር ሁሌም ትነጋገሪያለሽ። በአግድም መምጠጫ ላይ የሚገባው ሪዱሰር (ቧንቧ ማጥበቢያ) ኤክሰንትሪክ (አንድ ጎኑ ጠፍጣፋ) ሆኖ፣ ውሃው ከታች ወይም ከአግድም ሲመጣ ጠፍጣፋው ጎኑ ወደ ላይ ይሁን፤ አለዚያ አየር ይቋጥራል። የፓምፕ ፍላንጅ (ቧንቧው በቡሎን የሚታሰርበት ከንፈር) ቧንቧ መሸከሚያም አይደለም። ተከላው ላይ ይህ የሚፈተነው ካፕሊንጉ (የሞተሩንና የፓምፑን ሻፍት የሚያገናኘው) ላይ ዳያል ጌጅ (ጥቃቅን እንቅስቃሴ መለኪያ) አስሮ የፍላንጁን ቡሎኖች በማጥበቅ ነው፤ ሻፍቱ ከ0.05 ሚሊሜትር በላይ ከተንቀሳቀሰ ቧንቧው ፓምፑን እየጎተተው ነው። ቡሎን በግድ ስቦ ማስገባት ፓምፑን ገና ሳይነሳ መግደል ነው።

አሁን ምን ታጠኚ? ፍሉይድ ሜካኒክስንና ቴርሞዳይናሚክስን ለፈተና ሳይሆን በእጅ ለማስላት መልሰሽ ሥሪ። ለኢንተርንሺፕ ከቢሮ ይልቅ የስኳር ወይም የሲሚንቶ ፋብሪካ ጥገና ክፍል ብትመርጪ እንመክራለን፤ የተፈታ ፓምፕ፣ የተበላ ኢምፔለርና የተቃጠለ ኩሽኔታ በእጅሽ ይዘሽ ታያለሽ። ከተመረቅሽ በኋላም ሁለት ዓመት ያህል ጥገና ላይ መቆየት ለዲዛይን ሥራ ኪሳራ አይደለም። ሥዕል ላይ ኩሽኔታ የሚወጣበት ቦታ እንደሌለ ቶሎ የሚያየው ኩሽኔታ አውጥቶ የሚያውቅ ሰው ነው።

ዓይንሽ የባሕረ ሰላጤው ዘይትና ጋዝ ፕሮጀክቶች ላይ ከሆነ ከኤፒአይ 610 ሌላ የኮምፕረሰሩን 617፣ የሜካኒካል ሲሉን 682፣ የንዝረት መቆጣጠሪያውን 670 ማወቅ ይጠበቅብሻል። ሁሉንም መሸምደድ አያስፈልግሽም፤ ከ610 ጀምሪ። ለቃለ መጠይቅ ስትሄጂ ደግሞ በገዛ እጅሽ የሞላሽውን የአንድ ፓምፕ ዳታ ሺት ከነስሌቱ ያዢ፤ እያንዳንዱ ቁጥር ከየት እንደመጣ ሲጠይቁሽ መልስ ይኑርሽ።