ከ«ማን አደረገው?» በፊት

ልጆቼ፣

ስለ ቴክኖሎጂ፣ ስለ ቢዝነስና ስለ ፖለቲካ ስልካችሁ ላይ የምታደርጉትን ክርክር ተዉት ልላችሁ አይደለም የምጽፈው። በኔ ዕድሜ ያለ ሰው ለወጣት የሚሰጠው ምክር ብዙ ጊዜ «ስልክህን አስቀምጥና ሥራህን ሥራ» ነው። እኔ ግን የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። እዚህ ያለ ወጣት መሀል ከተማ ደርሶ ለመመለስ የቀኑን ግማሽ በታክሲ ሰልፍና በመንገድ ይጨርሳል። ሰልፉ ላይ ቆሞ ካልተከራከረ የት ሄዶ ይከራከር?

ስለዚህ ተከራከሩ። የኔ ነገር ስለ አካሄዱ ነው።

ዕድሜዬን የፈጀሁት በሒሳብ ምርመራ ነው። ደረሰኝ ከመዝገብ ጋር ሳመሳክር ነው ያረጀሁት። በኛ ሙያ አንድ ግኝት ሲጻፍ አራት ጥያቄዎች በተራ ይመለሳሉ። ምን ሆነ? ምን መሆን ነበረበት? ለምን ሆነ? ምን አስከተለ? «ማን አደረገው?» የሚለው ከአራቱ ውስጥ የለም። እሱ የሚመጣው በኋላ ነው፤ አንዳንዴም የኛ ሥራ ሳይሆን የዐቃቤ ሕግ ነው። ጀማሪ ኦዲተር ግን ከሱ መጀመር ይወዳል። ገንዘብ ያዡ መኪና ገዛ ሲባል ሰምቶ ይመጣል። ከዚያ ወዲያ መዝገቡን የሚያነበው ሰውየውን ለመያዝ ነው። ብሩ የጎደለው ከዕቃ ግዢ ላይ ቢሆን ዓይኑ ሥር ሆኖም አይታየውም።

መጋቢት 6 ቀን 2016 ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም የተዛባ ጊዜ ትዝ ይላችኋል። ሰው ሒሳቡ ላይ ካለው በላይ ከኤቲኤም አወጣ፣ በሞባይል አስተላለፈ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በየግቢያቸው ኤቲኤም ላይ ተሰለፉ። በማግስቱ ከብሎካችን ሥር፣ ጀበና ቡና የምትሸጠው ልጅ ጥላ ውስጥ ቁጭ ብዬ ሲኒዬን ሳልጨርስ ሦስት ወሬ ደረሰኝ። አንዱ «ባንኩ ተጠልፏል» አለ። ሌላው «ባንኩ ከስሯል፣ ብራችሁን አውጡ» አለ። ሦስተኛው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ይሄ የመንግሥት ሥራ ነው፣ ሆን ተብሎ ነው» አለ። ሦስቱም በልበ ሙሉነት ነው የሚያወሩት። ሦስቱም ስልካቸውን ያሳያሉ። ስንት ብር እንደወጣ ግን አያውቁም፤ በዚያን ሰዓት ማንም አያውቅም ነበር።

ቀን ሲያልፍ ነገሩ ጠራ። ባንኩ የሳይበር ጥቃት አይደለም፣ ሲስተሙ ላይ ይደረግ የነበረ የማሻሻያ ሥራ ያመጣው ችግር ነው አለ። በዚያ ሌሊት ከ490 ሺህ በላይ ግብይት መካሄዱን፣ ከ801 ሚሊዮን ብር በላይ መወሰዱን ገለጸ። ሳይመልሱ የቀሩትን ሰዎች ስም አውጥቶ ለጠፈ። 801 ሚሊዮን ቀላል ገንዘብ አይደለም። ግን ባንኩ በዚያን ጊዜ የያዘው ተቀማጭ ከ1 ትሪሊዮን ብር በላይ ነበር። አንዱን ለሌላው አካፍሉት። ከሺህ አንድ እጅ አይሞላም። «ከስሯል» ያለው ልጅ ስልኩ ውስጥ ያለችውን ካልኩሌተር ቢከፍት ኖሮ ያንን ሁሉ ሰው አያስደነግጥም ነበር።

እኔን የቆጨኝ ግን ሦስተኛው ልጅ ነው። ጎበዝ ልጅ ነው፣ መጠርጠሩም ክፉ አይደለም። ችግሩ «መንግሥት ነው» ብሎ ከጨረሰ በኋላ የሚጠይቀው ነገር አጣ። መጠየቅ የነበረበት ብዙ ነበር። ማሻሻያው ወደ ሥራ ከመግባቱ በፊት ማን ፈተሸው? ሒሳብ ባዶ ሲሆን ክፍያ የሚያስቆመው መቆጣጠሪያ ለምን አልሠራም? ችግሩ ከታየ በኋላ ሲስተሙን ለመዝጋት ስንት ሰዓት ፈጀ? እነዚህ «ለምን ሆነ» የሚለው ሥር ያሉ ጥያቄዎች ናቸው፤ ኃላፊ የሆነን ሰው ላብ በላብ የሚያደርጉትም እነሱ ናቸው። «ሴራ ነው» ስትሉት ግን ኃላፊው እፎይ ይላል። ሴራን ማስተባበል አንድ መግለጫ ነው የሚፈጅበት።

የኮንዶሚኒየሙ ዕጣም እንደዚያው። ሐምሌ 1 ቀን 2014 14ኛው ዙር ወጣ፣ በቀናት ውስጥ ተሰረዘ። እዚህ ሰፈር ይሄ ወሬ ሲነሳ ዝም የሚል የለም። ያኔ የቴክኖሎጂ አዋቂ የሆነ ሁሉ ዕጣውን ስላወጣው ሶፍትዌር ኮድ ነበር የሚከራከረው። የተገኘው ግን ለዕጣው ብቁ ያልሆኑ ሰዎች መረጃ ዝርዝሩ ውስጥ መግባቱ ነው። ኮምፒውተር በሌለበት ዘመንም የደመወዝ መክፈያ ዝርዝር ውስጥ የሌለ ሠራተኛ ስም ይገባ ነበር። መጀመሪያ የሚጠየቀው ዝርዝሩን ማን አዘጋጀ፣ ማን አመሳከረ የሚለው ነው።

ስታዘብ፣ ከአራቱ ጥያቄዎች የምትዘሉት እንደየርዕሱ ይለያያል። ፖለቲካ ስትከራከሩ «ምን ሆነ»ን ትዘላላችሁ። ቢዝነስ ላይ ደግሞ «ምን መሆን ነበረበት»ን።

የኢትዮ ቴሌኮምን አክሲዮን ውሰዱ። ጥቅምት 6 ቀን 2017 ሽያጩ ተከፈተ። 100 ሚሊዮን አክሲዮን፣ አንዱ በ300 ብር፣ ቢያንስ 33 አክሲዮን፣ ማለትም 9,900 ብር። ልግዛ አልግዛ ተብሎ ተጀመረና ወዲያው የመንግሥት ደጋፊና ተቃዋሚ ሆኖ አረፈው። 9,900 ብር የወጣት ብዙ ወር ቁጠባ ነው። ያ ብር በዓመት ስንት ይመልስልኛል? ልጄ ቢታመምብኝ አክሲዮኑን የት ወስጄ፣ ለማን እሸጣለሁ? ይሄን የጠየቀ ጥቂት ነው። መጨረሻ ላይ 10.7 ሚሊዮን ያህል አክሲዮን ተሸጠ፤ ገዢዎቹ ከ47 ሺህ በላይ ነበሩ፤ የተሰበሰበው 3.2 ቢሊዮን ብር። ያን ቀን ሁለቱም ወገን አሸነፍን አለ። አንዱ «ከመቶ አሥራ አንድ እንኳ አልተሸጠ» ብሎ ሳቀ። ሌላው «47 ሺህ ሰው በአንዴ ባለድርሻ ሆነ» ብሎ አጨበጨበ። ቁጥሩ አንድ ነው። ሁለቱም ልክ ናቸው። የጎደለው ሽያጩ ሳይጀመር «ይህን ያህል ከተሸጠ ተሳካ፣ ከዚህ በታች ከሆነ አልተሳካም» ብሎ የጻፈ ሰው ነው። መለኪያውን ውጤቱ ከወጣ በኋላ የሚያበጅ ሰው መቼም አይሸነፍም፤ አይማርምም።

ቴክኖሎጂ ላይ የሚዘለለው «ምን አስከተለ» ነው። በ2016 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ያልተከራከረ የለም። ባትሪው ይሞታል፣ አይሞትም፤ መብራት ይጠፋል፣ አይጠፋም። ከኔ ሁለት ፎቅ ዝቅ ብሎ የሚኖር የራይድ ሹፌር አለ። የኤሌክትሪክ መኪና ነው የሚነዳው። ዳሽቦርዱ ውስጥ ባለ 50 ሉክ የተማሪ ደብተር ይዟል፤ በእስክሪብቶ መስመር አስምሮበታል። ቀን፣ ኪሎ ሜትር፣ ቆጣሪ ካርዱ ላይ የሞላው ብር፣ ቻርጅ ለማድረግ ወረፋ የጠበቀበት ሰዓት፣ መብራት ጠፍቶ ያልሠራበት ቀን። ጎማ የቀየረበት ሳይቀር አለ። ልጆቹ ሲጯጯሁ ይሰማና ደብተሩን አውጥቶ ገለጥ ያደርጋል። ሁሉም ዝም ይላል። ደብተሩ መኪናውን አያሞግስም፣ አይረግምም። ያስገባውንም ያጣውንም እኩል ነው የጻፈው። ኦዲተር ሆኜ ስንት መሥሪያ ቤት ዞሬ እንደሱ ያለ ንጹሕ መዝገብ ያየሁት በጣት ይቆጠራል።

አሁን ከባዱ ላይ እንምጣ። ፖለቲካ።

ኮዬ ፈጬ ራሷ ክርክር ነበረች። የካቲት 2011 የዚህ ቦታ ቤቶች ዕጣ ሲወጣ ተቃውሞ ተነሳ፤ ሰልፍ ወጣ፤ የኦሮሚያ ክልል መንግሥትም ተቃወመ። ዛሬ በዚህ አስፋልት በ1997 ተመዝግባ ስትቆጥብ የኖረች እናት ልጅ ያልፋል። መሬቱ የአባቱ እርሻ የነበረ ልጅም ያልፋል። ሁለቱም ስልክ አላቸው። ሲከራከሩ አይቻለሁ። ሦስተኛው መልእክት ላይ ሳይደርሱ አንዱ የሌላውን ብሔር ጠርቶ ይሰድባል፤ ከዚያ በኋላ የሚጻፈው ሁሉ ለተመልካች ነው።

እነዚህ ሁለት ልጆች «ምን መሆን ነበረበት» ላይ ላይስማሙ ይችላሉ። አይገርመኝም፤ ትልልቆቹም አልተስማሙበትም። «ምን ሆነ» ላይ ግን መስማማት ይችላሉ። መሬቱን ማን ያርሰው ነበር? ካሳ ስንት ተከፈለ፣ ለምን ያህል ዓመት ታስቦ? ያቺ እናት በየወሩ ስንት ቆጠበች? አንደኛው የሌላውን ቁጥር ቢሰማ ሐሳቡን ይቀይራል አልልም። ግን የሚያወራው ከሰው ጋር መሆኑ ይገባዋል።

ኦዲት ላይ አንድ ግዴታ አለብን። ሪፖርቱ ከመውጣቱ በፊት ግኝቱን ለተመርማሪው መሥሪያ ቤት ታነቡለታላችሁ። መልሱንም ሪፖርቱ ውስጥ ታስገባላችሁ፤ ብትጠሉትም። በመውጫ ስብሰባው ላይ ሰውየው «እኔ እንዲህ አላልኩም» ካለ አንገታችሁን ደፍታችሁ ታስተካክላላችሁ። ክርክር ስትጀምሩ እስቲ ይሄን ሞክሩ። «አንተ የምትለው እንዲህ ነው አይደል?» ብላችሁ ጻፉለት። «አዎ» እስኪል መልሳችሁን ያዙት። ግማሹ ጠብ እዚያው ይቀራል፤ ብዙ ጊዜ የምትጣሉት ሰውየው ካላለው ነገር ጋር ነውና።

አያቶቻችንም ቢሆኑ በቃል መፋለም ይወዱ ነበር። በላ ልበልሃ ተባብለው፣ በግጥም እየተሞጋገቱ፣ ሕዝብ ከቦ እየሰማቸው። ግን ተሟጋች ዋስ ይጠራ ነበር። ማር ወይም በቅሎ ይወራረድ ነበር። ከተረታ ይከፍላል። ባዶ እጁን መጥቶ አገር አተራምሶ የሚሄድ አልነበረም። ዛሬ ላይ «ዋስ ጥራ» ብትሉት የፌክ አካውንት ባለቤት ማንን ይጠራል?

ደግሞ ክፍያው ወደ ሌላ ዞሯል። ቲክቶክ ላይቭ ላይ ሁለት ሰው ሲሰዳደብ አንበሳ (ተመልካች በገንዘብ ገዝቶ የሚልከው ስጦታ) የሚወረወርለት አለ። ሰውየው እየሠራ ነው፤ የናንተ ንዴት ገቢው ነው። እናንተ ግን ካርድ ሞልታችሁ፣ እንቅልፍ አጥታችሁ ነው የምትገቡት። ስለ ቢዝነስ መከራከር የሚወድ ሰው መቼም ይሄ አይጠፋውም።

ሕጉንም እወቁት። በአዋጅ ቁጥር 1185/2012 መሠረት ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ የሐሰት መረጃ ያሰራጨ ሰው እስከ 3 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100 ሺህ ብር ቅጣት ሊወድቅበት ይችላል። ሼር ከማድረጋችሁ በፊት ቀኑን እዩ። የዛሬ ሦስት ዓመት ቪዲዮ በየክረምቱ «ሰበር» ተብሎ ይመጣል። ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት የተባለው ለዚህ ነው።

አንድ ልጅ ይሄን ሁሉ ከሰማ በኋላ «ጋሼ፣ ሰነድ ሰነድ ይላሉ፤ ሰነዱን ማን ይሰጠናል?» አለኝ። ጥያቄው ልክ ነው። ለኔ በሥልጣን የተከፈተ መዝገብ ለሱ ዝግ ነው። ግን በሩ ጭራሽ የለም ማለት አይደለም። የመገናኛ ብዙኃን ነፃነትና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንም ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። ለምን እንደፈለጋችሁት ማስረዳት አይጠበቅባችሁም። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት፤ ቅሬታ ካላችሁ እንባ ጠባቂ ተቋም አለ። በተግባር ይንቀራፈፋል፣ አውቃለሁ። ከኔ ጋር ከሚከራከሩት ልጆች ግን አንዱም ሞክሮት አያውቅም።

ጥያቄውን አንድ አድርጉት፤ አሥር ጥያቄ የያዘ ደብዳቤ አሥር ቢሮ ሲዞር ይከርማል። «የካሳ ክፍያው በምን መመሪያ ተሠራ?» ካላችሁ እሱን ብቻ ጠይቁ። በሁለት ኮፒ ጻፉት። አንዱን ለመዝገብ ቤት ስጡ። በእጃችሁ በሚቀረው ኮፒ ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም ሳታስመቱ ከመስኮቱ እንዳትነሡ፤ በወሩ ስትመለሱ «እንዲህ ያለ ደብዳቤ አልደረሰንም» ትባላላችሁ።