ለተግባቦት ማጠቃለያ ፈተና ምን ላይ ላተኩር?

እህቴ፣ የሰው ልጅ ተግባቦት ማጠቃለያ ፈተና አንድ ሳምንት እንደቀረሽ፣ ማስታወሻሽን ደጋግመሽ ብታነቢም ሞዴሎቹና ንድፈ ሐሳቦቹ እንደሚምታቱብሽ ጽፈሻል። ኮርሱን ከወሰድኩ በኋላ በረዳትነት የፈተና ወረቀት አርሜ ስለማውቅ ከሁለቱም ወገን ያየሁትን ልንገርሽ።

በመጀመሪያ ደጋግሞ ማንበቡን ተዪው። ገጹ ፊትሽ ተዘርግቶ ሳለ ሁሉንም የምታውቂው ይመስልሻል፤ ሲከደን ግን ግማሹ የለም። ስለዚህ ማስታወሻሽን ዝጊና ሞዴሎቹን ከነቀስታቸው በባዶ ወረቀት ላይ ሣዪ። የሻነንና የዊቨር ሞዴል (እ.ኤ.አ. 1949) ከላኪ ወደ ተቀባይ ብቻ ይሄዳል፤ መነሻው የምልክት ማስተላለፍ ምሕንድስና ስለነበር ግብረ መልስ የለውም። ሽራም በ1954 ግብረ መልስንና የጋራ የልምድ መስክን (ላኪና ተቀባይ የሚጋሩትን ልምድ) ጨመረ። ባርንለንድ በ1970 ደግሞ ሁለቱም ሰዎች በአንድ ጊዜ ላኪም ተቀባይም ናቸው አለ። አንዱ የሌላውን ጉድለት ሲሞላ ካየሽው መምታታቱ ይቀራል።

ነጥብ የሚታጣው ግን እዚህ አይደለም፤ ሁኔታ ተሰጥቶ «ተንትኑ» በሚለው ጥያቄ ላይ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ይመጣል፦ አንዱ የሥራ ባልደረባውን «ሪፖርቱ ገና ነው?» ይላታል። እሷም ዓይኗን ከኮምፒውተሩ ሳታነሣ «ይደርሳል ብዬሃለሁ እኮ» ትለዋለች። አብዛኛው ተማሪ ከቃል ውጪ የሆነ ተግባቦት ምን እንደሆነ ትርጉሙን ጽፎ ያልፋል። አራሚ የሚፈልገው ሌላ ነው። ዋትዝላዊክና ባልደረቦቹ በ1967 እንዳሉት መልእክት የይዘትና የግንኙነት ደረጃ አለው፤ ይዘቱ ስለ ሪፖርቱ ነው፣ ያልተነሣው ዓይንና የመልሱ ቃና ግን «አትቆጣጠረኝ» ይላሉ። ከዚያ ሰው ቁጥጥር ሲሰማው ራሱን ወደ መከላከል እንደሚገባ የጻፈው ጊብ (1961) ይገባል፦ ጥያቄው እንደ ቁጥጥር ስለተሰማት ራሷን ወደ መከላከል ገባች። «ሪፖርቱን ለመጨረስ የጎደለሽ ነገር አለ?» ቢላት ምን ይለወጥ ነበር? ይህንን የመጨረሻ ጥያቄ አንስቶ የመለሰ ወረቀት ሳገኝ ደስ ይለኝ ነበር። ከሰማሻቸው ጭውውቶች እየወሰድሽ በየቀኑ እንዲህ ፍቺ፤ ከሁሉም ዝግጅት የሚበልጠው ይሄ ነው።

ብዙዎች የሚወድቁበት ወጥመድም አለ፦ የሜራቢያን 7 (ቃል)፣ 38 (የድምፅ ቃና) እና 55 (ፊት) በመቶ። «ከተግባቦት 93 በመቶው ከቃል ውጪ ነው» ብለሽ እንዳትጽፊ፤ እርማት ላይ ሳየው ያናድደኝ ነበር። ሙከራዎቹ የተደረጉት ስሜትንና መውደድ አለመውደድን በሚመለከት፣ ቃሉና አነጋገሩ ወይም ፊቱ ሲቃረኑ ነው። ሰዎች ሲነጋገሩ በመካከላቸው የሚተዉትን ርቀት የሚለዩትን የሆልን ወሰኖችም (45 ሴንቲ ሜትር፣ 1.2 ሜትር፣ 3.6 ሜትር) ስትጠቅሺ በአሜሪካውያን ላይ የተመሠረቱ መሆናቸውን አክዪበት።

የአርስቶትል ሦስቱ የማሳመኛ መንገዶችና የተክማን የቡድን ዕድገት ደረጃዎች አጭር ጥያቄ ሆነው ስለሚመጡ አንድ ምሽት ይበቃቸዋል። ተክማን በ1965 አራት ደረጃ ብቻ እንደነበረው፣ መበተን የሚለው አምስተኛው በ1977 እንደተጨመረ ግን አትርሺ።

መልስ ስትጽፊ የጽንሰ ሐሳቡን ስም አስቀድሚ፤ ቀጥሎ ከሁኔታው ውስጥ ማስረጃ የሚሆንሽን ቃል ወይም ድርጊት እንዳለ ጥቀሺ፤ ከዚያ አገናኚያቸው። አንድ ጭውውት ፈትተሽ ብትልኪልኝ እንደ አራሚ አይቼ ነጥብ እሰጥሻለሁ።