ኢንሹራንስ ካለኝ ቀጭኑ ኬብል አይበቃም ወይ ላልከው

ወንድሜ፣ አዲስ ብስክሌት ገዝተሃል፣ ሻጩ ቀጭን የኬብል ቁልፍ መርቆልሃል፣ አሁን ደግሞ ኢንሹራንስ ልትገባ ነው። «ኢንሹራንሱ ካለ ኬብሉ አይበቃም ወይ? ካልበቃስ ምን ልግዛ?» ነው ጥያቄህ። አይበቃም። ኢንሹራንሱ መክፈል አለመክፈሉ በአብዛኛው የሚወሰነው ብስክሌቱ በጠፋበት ቀን ሳይሆን አንተ በቆለፍክበት ደቂቃ ነው። ስለዚህ ቁልፍ ከመግዛትህ በፊት ውሉን አንብብ፤ ብዙ ሰው የሚያደርገው ተገላቢጦሹን ነው።

ውሉ ውስጥ ስለ ስርቆት የተጻፈውን ክፍል ፈልግ። መጀመሪያ የቁልፉን ዓይነት እይ። «ተቀባይነት ያለው ቁልፍ» የሚል ቃል ካለ የትኞቹ እንደሆኑ የሚዘረዝር ሰነድ ይኖራቸዋልና ጠይቀህ ውሰድ። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሱት ቁልፍ ፈታሽ ድርጅቶች ነሐስ፣ ብር፣ ወርቅ፣ አልማዝ እያለ ደረጃ የሚሰጠው የእንግሊዙ ሶልድ ሴክዩር እና በኮከብ የሚመዝነው የኔዘርላንድሱ ኤ.አር.ቲ. ናቸው። የብስክሌቱ ዋጋ ሲጨምር የሚጠየቀው ደረጃም ከፍ ይላል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ፦ ሳጥኑ ላይ በትልቁ የታተመው «ከ15 ነጥብ 12» ዓይነት ቁጥር አምራቹ ለራሱ ምርት የሰጠው ነው፤ ለኢንሹራንስ ቦታ የለውም። የገለልተኛውን መርማሪ ማኅተም ፈልግ፣ ማኅተሙም ለብስክሌት እንጂ ለሌላ ነገር የተሰጠ አለመሆኑን አረጋግጥ።

ቀጥሎ የምትፈልገው «ከማይነቀል ነገር ጋር፣ በፍሬሙ በኩል» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ነው። ጎማውን ብቻ አስረህ ብትሄድና ፍሬሙ ቢወሰድ፣ ወይም ብስክሌቱ በራሱ ላይ ብቻ ተቆልፎ ቢጫን፣ ካሳ የመከልከል እድልህ ሰፊ ነው። ከዚያ የሰዓት ገደቡን እይ፤ ከቤት ውጭ ተቆልፎ ከ12 ወይም ከ24 ሰዓት በላይ ከቆየ ሽፋኑ የሚቋረጥባቸው ውሎች አሉ።

የመድኑን መጠን ስትናገር አረቦን (ለኢንሹራንሱ የምትከፍለውን) ለመቀነስ ብለህ ዋጋውን አታሳንስ። ዋጋው 100 የሆነውን ብስክሌት 60 ብለህ ካስመዘገብክ፣ የተመጣጣኝ ክፍያ አንቀጽ ያለው ውል 50 የሚያወጣ ጉዳት ሲደርስብህ 30 ብቻ ይሰጥሃል፤ ተቀናሹ (ከጉዳቱ አንተ ራስህ የምትሸከመው ድርሻ) ከዚያም ላይ ይነሳል። የሚከፈልህ አዲስ መግዣ ይሁን ወይስ የእርጅና ቅናሽ የተነሳለት፣ መብራትና ኮርቻ ለብቻቸው ቢሰረቁ ይሸፈኑ እንደሆነም ጠይቅ። ብዙ ጊዜ ከብስክሌቱ ጋር አብረው ካልጠፉ አይሸፈኑም።

ወደ ቁልፉ ስንመጣ፣ ኬብልህን እስቲ ጠጋ ብለህ ተመልከተው። ውፍረቱ 12 ሚሊሜትር ይመስላል፤ ፕላስቲኩን ብትልጠው ግን ውስጡ የተገመዱ ቀጫጭን ሽቦዎች ናቸው፣ ከውፍረቱም አንዱ ክፍል ፕላስቲክ ነው። የሽቦ መቁረጫ ጉጠት ገመዱን በአንድ ጊዜ መበጠስ አይጠበቅበትም፤ ጥቂት ጥቂት ሽቦ እየነከሰ በሰከንዶች ይጨርሰዋል፣ ድምፅም የለውም። ኬብልን ለራስ ቁርና ለፊት ጎማ ረዳት አድርገህ ያዘው እንጂ ብቻውን አትመነው።

ሰንሰለት ከሆነ ውፍረቱን የምትለካው ከአንዱ ቀለበት ብረት ላይ ነው፣ ከጨርቅ ልባሱ ላይ አይደለም። ከ10 ሚሊሜትር የቀጠነውን በእጅ የሚያዝ ትልቅ የብረት መቀስ ይቆርጠዋል። በሙቀት የጠነከረ 13 ወይም 14 ሚሊሜትር ሰንሰለት መቀስን አጥብቆ ይቋቋማል፤ 16 ሚሊሜትሩ ደግሞ ክብደቱ ስለሚያስቸግር ቤት አስቀምጠህ የምትጠቀምበት ነው። ሰንሰለቱን የሚዘጋው ተንጠልጣይ ቁልፍ ከቀጠነ ሌባው የሚቆርጠው እሱን ነው፤ የሁለቱ ጥንካሬ ይመጣጠን።

ለዕለት ተዕለት እኔ የምመክርህ ዩ ቅርጽ ያለውን ቁልፍ ነው፤ የብረቱ ውፍረት 13 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ፣ የዩው ሁለቱም እግሮች የሚቀረቀሩበት። አንድ እግሩ ብቻ የሚቀረቀረው አንድ ቦታ ሲቆረጥ ተጠማዞ ይከፈታል፤ ሁለቱም ሲቀረቀሩ ሌባው ሁለት ጊዜ እንዲቆርጥ ይገደዳል። በባትሪ የሚሠራ ግራይንደር ተራውን ዩ ቁልፍ በደቂቃ አካባቢ ይቆርጠዋል፤ ይህን ማወቅ አለብህ። የግራይንደሩን መቁረጫ ዲስክ ራሱን እየበሉ የሚጨርሱ እንደ ሂፕሎክ ዲ1000 ያሉ ቁልፎች አሉ፣ ከባድና ውድ ናቸው፤ ብስክሌትህ ውድ ከሆነና ሁልጊዜ አንድ ቦታ የምታቆመው ከሆነ ግን ይገባዋል። ያገለገለ ቁልፍ አትግዛ። ደረሰኝ የለውም፣ ስንት መክፈቻ እንደተቀረጸለትም አታውቅም። በተለይ የመክፈቻው ቀዳዳ ክብ የሆነ አሮጌ ዩ ቁልፍ ካገኘህ ተወው፤ እ.ኤ.አ. በ2004 የዚህ ዓይነት ቁልፎች በእስክርቢቶ ቀፎ እንደሚከፈቱ ታይቶ የቁልፍ አምራቹ ክሪፕቶናይት በነጻ እስከ መቀየር ደርሶ ነበር።

አሁን ዋናው፣ አቆላለፉ። ጥሩ ቁልፍ በመጥፎ አቆላለፍ ዋጋ ያጣል። ዩውን በኋላ ጎማው ቸርኬ፣ በፍሬሙ እና በምታስርበት ብረት ዙሪያ አሳልፈው። የኋላ ጎማው ማርሽ ያለበት ውድ ክፍል ስለሆነ ነው ከፊተኛው የሚቀድመው። ከዘጋኸው በኋላ ዩው ውስጥ ጣት የሚያስገባ ክፍተት እንኳ ባይቀር ደስ ይለኛል፤ ክፍት ቦታ ማለት የመኪና ክሪክ ወይም የብረት ዘንግ የሚገባበት ቦታ ማለት ነው፤ ገብቶ ሲገፋ ቁልፉ ይፈነዳል። ትንሹ ዩ ከትልቁ የሚሻለው ለዚህ ነው። ቁልፉ መሬት አይንካ። ሰንሰለት መሬት ላይ ከተኛ ሌባው የመቀሱን አንድ እጀታ መሬት ላይ አስደግፎ በሌላው ላይ በሙሉ ክብደቱ ይቆማል፤ በክንድ የማይቆረጠው በሰውነት ክብደት ይቆረጣል። የቁልፍ ቀዳዳው ወደ ታች ይዙር፤ ውኃም አይገባበትም፣ ለመነካካትም አይመችም።

የምታስርበትን ብረት ሁልጊዜ በሁለት እጅህ ይዘህ ነቅንቀው። ከላይ ክፍት የሆነ አጭር ምሰሶ ከሆነ ብስክሌቱ ከነቁልፉ ወደ ላይ ይወጣል። በቡሎን የታሰረ ከሆነ ዳዶው ይፈታል። ብረቱ ላይ ፕላስተር ወይም አዲስ ቀለም ካየህ ላጥ አድርገህ እየው፣ አስቀድሞ ተቆርጦ የተሸፈነ ሊሆን ይችላል። ቀጭን ዛፍና የሽቦ አጥር አይሆኑም።

ጎማዎቹ ያለ መፍቻ በእጅ የሚፈቱ ከሆነ በዳዶ ወይም ልዩ መፍቻ በሚፈልግ ማሰሪያ ቀይራቸው። የኮርቻውን ማሰሪያም እንዲሁ። ባለስድስት ማዕዘን ቀዳዳ ያላቸውን ቡሎኖች ለመጠበቅ ርካሹ ዘዴ ቀዳዳው ውስጥ በልኩ ትንሽ የብረት ጥይት (የኩሽኔታ ኳስ) ከትቶ ላዩን በሰም መድፈን ነው፤ ስትፈልግ ሰሙን ቆፍረህ ታወጣዋለህ።

ቁልፉን በየሁለት ሦስት ወሩ በቀጭን ዘይት አለስልሰው። ግራሶ አታስገባ፤ አቧራ ይዞ ይጠጥርና መክፈቻህ ውስጡ ይሰበራል። የመክፈቻውን ኮድ ቁጥር ጻፈው፣ ትርፉን መክፈቻ ቤት አስቀምጠው። አንዳንድ ኢንሹራንስ ካሳ ሲጠየቅ መክፈቻዎቹን በሙሉ አምጣ ይላል።

ቤት ውስጥ ነው ብለህ ሳትቆልፍ አትተወው። ግቢ ወይም የጋራ ኮሪደር ብዙ ውሎች ላይ «ቤት» ተብሎ አይቆጠርም፤ በር ተሰብሮ ካልሆነ የማይከፍሉም አሉ። ግድግዳ ወይም ወለል ላይ በቡሎን የሚተከል ማሰሪያ አስተክልና ከባዱን ሰንሰለት እዚያው ተወው።

ዛሬውኑ የምትሠራው፦ ብስክሌቱን ገልብጥ፤ ብዙ ጊዜ ፔዳሎቹ የሚገናኙበት ክብ ብረት ሥር የፍሬም ቁጥሩ ተቀርጾ ታገኘዋለህ። በጎን ብርሃን ፎቶ አንሳው፣ ቀለም ሸፍኖት ካልተነበበ ስስ ወረቀት ላዩ ላይ አድርገህ በእርሳስ አሽው። ሙሉ ብስክሌቱን ከቀኝ በኩል፣ ጭረት ያለበትን ቦታ፣ ቁልፉን ብስክሌቱ ላይ ተቆልፎ እንዳለ፣ የብስክሌቱንም የቁልፉንም ደረሰኝ ፎቶ አንስተህ ለራስህ ኢሜይል ላክ። ከጠፋ የተቆረጠውን ቁልፍ አትጣል፤ ባለበት ፎቶ አንስተህ ያዘው፣ ለፖሊስ ወዲያውኑ አመልክት፣ የማመልከቻውን ቁጥር ተቀበልና ውሉ ላይ በተጻፈው የጊዜ ገደብ ውስጥ ለኢንሹራንሱ በጽሑፍ አሳውቅ። ውሉን ስታገኝ የስርቆቱን አንቀጽ ፎቶ አንስተህ እዚሁ ለጥፈው፣ የትኛው ቁልፍ እንደሚበቃው አብረን እናየዋለን።