ከዴይተን ለወጣቶች፦ ሙያችሁን ከድርጅቱ ስም ለዩት

ልጆቼ፣

ይህን የምጽፈው ሥራ ለጀመራችሁና ልትጀምሩ ደፋ ቀና ለምትሉ፣ በተለይም አሜሪካ ገብታችሁ «የትኛው ከተማ ይሻላል?» እያላችሁ ለምትጠያየቁ ነው። ብዙዎቻችሁ የምታውቁት ዋሽንግተንን፣ አትላንታን፣ ሚኒያፖሊስን ነው። እኔ ግን ዕድሜዬን የፈጀሁት ኦሃዮ ውስጥ ዴይተን በምትባል የፋብሪካ ከተማ ነው። ባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ቶርኖና ፍሬዛ (ብረት የሚቀርጹ ማሽኖች) ተምሬ፣ በሱዳን በኩል ዞሬ እዚህ ስደርስ ሠላሳ ዓመት አልሞላኝም ነበር። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ብረት ስቆርጥና ስለካ ኖርኩ።

ዴይተን በ1960 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራቸው) 262,000 ያህል ሰው ነበራት። በ2020 ቆጠራ የተገኘው 137,000 ገደማ ነው። እኔም ብዙ ቤቶች ባዶ ሲቀሩ በዓይኔ አይቻለሁ። ሆኖም «የሞተች ከተማ» ሲሏት አልወድም፤ ምክንያቱን ልንገራችሁ።

ካሽ ሬጅስተር፣ ማለትም የሽያጭ ሒሳብ መመዝገቢያ ማሽን፣ የተፈለሰፈው እዚህ ነው። ጄምስ ሪቲ የሚባል የመጠጥ ቤት ባለቤት፣ የሽያጩ ገንዘብ በሠራተኞቹ እጅ እየቀረበት ቢቸገር በ1879 መሣሪያውን ሠራ። በ1884 ጆን ፓተርሰን ሥራውን ገዝቶ ኤን ሲ አር የተባለውን ግዙፍ ኩባንያ አቋቋመ። የራይት ወንድማማቾች ብስክሌት ቤትም እዚሁ ነበር። በ1903 ለበረረችው አውሮፕላናቸው ሞተሩን የሠራላቸው ቻርሊ ቴይለር የሚባል መካኒካቸው ነው፤ በአንድ ቶርኖ፣ በአንድ መሰርሰሪያና በእጅ መሣሪያ፣ በስድስት ሳምንት። ቶርኖ ላይ ቆማችሁ «ይሄ ምን ቁም ነገር አለው» ስትሉ ይህን ሰው አስቡት።

እኔን ከሁሉ በላይ ያስተማረኝ ግን የመሐንዲሱ የቻርልስ ኬተሪንግ ነገር ነው። በ1906 ገደማ ኤን ሲ አር ውስጥ ካሽ ሬጅስተሩን በኤሌክትሪክ እንዲያሠራ ተመደበ። ያን ያህል ጉልበት የሚያወጣ ሞተር ትልቅ ስለሚሆን ሳጥኑ ውስጥ አይገባም ይባል ነበር። ኬተሪንግ ያስተዋለው፣ ሞተሩ ቀኑን ሙሉ የማይሠራ መሆኑን ነው። ለአንድ አፍታ ይሠራል፣ ከዚያ ያርፋል። ስለዚህ ትንሽ ሞተር ከአቅሙ በላይ ለአንድ አፍታ ቢጫንበት አይቃጠልም። ያን ጊዜ መኪና የሚነሳው ከፊት ለፊት በብረት እጀታ ተዘውሮ ነበር፤ እጀታው ወደ ኋላ ሲመታ የሰው ክንድ ይሰብራል። ኬተሪንግ ያንኑ የካሽ ሬጅስተር ሐሳብ ወስዶ በ1911 መኪና አስነሳበት፤ በ1912 ሞዴል ካዲላክ ላይም ተገጠመ። ዛሬ ጋራዥ ውስጥ ሞተሪኖ የምንለው የዚያ ልጅ ነው። ሰውዬው ካሽ ሬጅስተር ሠሪ ሆኖ ቢቀር ኖሮ መኪናው ጋ አይደርስም ነበር። ያጠናው ዕቃውን ሳይሆን ችግሩን ነው።

በ1970ዎቹ ካሽ ሬጅስተር ወደ ኤሌክትሮኒክስ ሲለወጥ፣ በጥርስና በስፕሪንግ የሚሠራውን የሚገጣጥሙ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከሥራ ወጡ፤ የፋብሪካው ሕንፃዎችም አብዛኞቹ ፈረሱ። በ2009 ደግሞ የኩባንያው ዋና መሥሪያ ቤት ወደ ጆርጂያ ግዛት ሊዛወር መሆኑ ተነገረ።

መጀመሪያ በገባሁበት ትንሽ ወርክሾፕ አጠገቤ የሚሠሩ አንድ አዛውንት ነበሩ። አንድ ቀን አሥር ሳንቲ ሜትር የምትሆን የብረት ዘንግ በማይክሮሜትር (በጣም ጥቃቅን ልዩነት በሚለካ መሣሪያ) አስለኩኝ። ከዚያ «ጨብጠህ ያዛት» አሉኝና ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ድጋሚ ስለካት ረዝማለች፤ ከፀጉር ውፍረት ያነሰች ልዩነት፣ ግን መሣሪያው ላይ የምትታይ። «ስትለካ የእጅህን ሙቀት ጭምር ቁጠር» አሉኝ። ብዙ ቦታ ብቀጠርም ያቺ ነገር አልከዳችኝም።

ከከተማዋ ደቡብ ሞሬይን የሚባል ስፍራ ላይ አንድ ትልቅ ፋብሪካ አለ። እስከ 1979 ፍሪጅ ይሠራበት ነበር። ከ1981 ጀምሮ ጄኔራል ሞተርስ መኪና ገጠመበት፤ በታኅሣሥ 2008፣ ለፈረንጆቹ ገና ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ተዘጋ። ከዚያ ፉያዎ የተባለው የቻይና ኩባንያ ገዝቶት ዛሬ የመኪና መስታወት ይመረትበታል። ደመወዙ ከድሮው በጣም ያነሰ ነበር። በ2017 ሠራተኞቹ ማኅበር ይቋቋም አይቋቋም ብለው ድምፅ ሲሰጡ 868 ለ444 ተሸነፈ። እኔ ማኅበሩ ቢቋቋም እመርጥ ነበር፤ ሙያ ብቻውን ደመወዝ አያስከብርም። ጣሪያው ያው አንድ ጣሪያ ነው፣ ሥራው ግን ሁለት ጊዜ ተለወጠ።

የመኪናው ፋብሪካ ሲዘጋ ለእሱ ዕቃ እናቀርብ የነበርን ወርክሾፖችም ተከተልን። እኛን አርብ ከሰዓት ሰብስበው «ሰኞ እንዳትመጡ» አሉን። የሃያ ዓመት ሠራተኛ ነበርኩ። በጣም አዘንኩ፣ ልጆቼ፤ እስከ ዛሬም ያ አርብ ያመኛል። ከስምንት ወር በኋላ የሕክምና መሣሪያ የሚያመርት ቤት ቀጠረኝ። ጠያቂው ስለ መኪና አንድም ነገር አልጠየቀኝም። ማይክሮሜትር ሰጥቶ «ለካ» አለኝ።

ያን ስምንት ወር ያለፍኩት ባጠራቀምኩት ነው፤ ይህንንም የተማርኩት ከዚህችው ከተማ ነው። በመጋቢት 1913 ወንዞቿ ሞልተው መሐል ከተማውን ዋጡት፤ በአካባቢው ከ360 በላይ ሰው ሞተ። የኤን ሲ አር አናጢዎች ሥራቸውን አቁመው ጀልባ እያከታተሉ ሠሩ፣ በዚያም ብዙ ሰው ተረፈ። ሕዝቡ ግን በዚያ አላበቃም። ጣሪያ ሥር ተጠልሎ ሳለ የተሳለውን ስለት አስታውሶ ለጎርፍ መከላከያ ከኪሱ ከ2 ሚሊዮን ዶላር በላይ አዋጣ። አርተር ሞርጋን የሚባል መሐንዲስም እስከ 1922 አምስት የአፈር ግድቦች አስጨረሰ፤ ያን ጎርፍ በ40 በመቶ የሚበልጥ ቢመጣ እንኳ እንዲችሉ አድርጎ። ግድቦቹ በአዘቦት ቀን ባዶ ናቸው፤ ወንዙ ከታች በኩል ያልፋል። ዝናቡ ሲበረታ ነው ውኃ የሚይዙት፣ እስካሁንም ከ2,000 ጊዜ በላይ ይዘዋል። ኢንግልውድ የሚባለው ላይ የመኪና መንገድ ስላለ ስትነዱ ግድብ መሆኑም አይታወቃችሁም። እናንተም ደመወዛችሁ ደህና በሆነበት ወር አስቀምጡ።

እዚህ ከመጣችሁ መሐል ከተማ ሲንክሌር ኮሌጅ አለ። በ1887 የማታ ትምህርት ሆኖ ሲጀምር ያስተማረው ሒሳብ አያያዝና የማሽን ንድፍ ነበር። ለሥራ ቃለ መጠይቅ ስትሄዱም ቢሮው ውስጥ ብቻ ተቀምጣችሁ አትመለሱ፤ ፋብሪካውን አሳዩኝ በሉ። ከዚያ በዕድሜ የገፉትን ሠራተኛ ፈልጉና «እዚህ ከመምጣትዎ በፊት ምን ይሠሩ ነበር?» ብላችሁ ጠይቋቸው።